በተንደርበርድ አድሬስ ቡክ ውስጥ ማንም ያልመዘገባቸው አድራሻዎች ሞልተዋል፤ ብንሰርዛቸውም ይመለሳሉ

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ቢሮው ኮምቦልቻ ነው፤ የትራንዚትና የንግድ ሥራ። ሦስት ኮምፒውተር አለ፣ ሁለቱ እዚህ፣ አንዱ ደሴ ፒያሳ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ። ሁሉም ላይ ዊንዶውስ 10 እና የኢሜይል ፕሮግራሙ ተንደርበርድ 115 ተጭኗል። የቢሮው ኢሜይል በአይማፕ ነው የተገናኘው። አንድ የጂሜይል አካውንትም አለ፤ የሱ ኮንታክቶች በካርድዳቭ (ኮንታክትን ከጉግል ጋር በሚያመሳስለው መንገድ) በኩል ተንደርበርድ ላይ ይታያሉ።

አድሬስ ቡኩን ስንከፍት "ኮሌክትድ አድሬስስ" በሚለው ሥር ማንም ያልመዘገባቸው 1,400 የሚጠጉ አድራሻዎች አሉ። መልስ የማይቀበሉ አውቶማቲክ አድራሻዎች፣ ፊደላቸው የተገደፈ ጂሜይሎች፣ ሥራ የለቀቁ ሰዎች፣ አንዱ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ። "ሰይ" ብለን ገና ስንጀምር ስድስት ሰይድ ይደረደራል፤ ከላይ የሚመጣው ደግሞ የምንፈልገው አይደለም። የዋጋ ማቅረቢያ በስህተት ለሌላ ነጋዴ ቢሄድ ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ።

ማን ነው የሚያስገባቸው? ብሰርዛቸው የተጻጻፍናቸው መልእክቶች አብረው ይጠፋሉ ወይ? ሰርዘናቸው በሳምንቱ ለምን ይመለሳሉ? ከነዚህ ውስጥ ወደ 200 የሚሆኑት የምር ደንበኞች ናቸው፤ እነሱን ሳልነካ ሌላውን በምን ልለየው?

---

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አብሽሪ፣ ቫይረስ አይደለም። የሚያስገባቸው ተንደርበርድ ራሱ ነው፤ የሚቀሰቅሰው ግን የናንተ "ሴንድ" ነው።

መልእክት በላካችሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ተቀባዩ በአንዱ መዝገብ ውስጥ መኖሩን ያያል። ከሌለ ወደ ኮሌክትድ አድሬስስ ይከተዋል። "ቱ" ላይ ያለውንም "ሲሲ" ላይ ያለውንም አይለይም። የትራንዚት ሥራ ደግሞ "ሪፕላይ ኦል" የሚበዛበት ነው፤ 40 ሰው ሲሲ ለተደረገበት ደብዳቤ "ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" ብላችሁ ለሁሉም ከመለሳችሁ አርባውም ሊገባ ይችላል። የሚመጣ መልእክት ግን ብቻውን ማንንም አያስመዘግብም። አውቶማቲክ አድራሻዎቹ የገቡት አንድ ሰው ሳያስተውል ሪፕላይ ስላለባቸው ነው። ፊደላቸው የተገደፈውም እንዲሁ፤ መልእክቱ "አልደረሰም" ተብሎ ቢመለስም አድራሻው ሲላክ ተመዝግቧል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ራሱን ለምርጫ ያቀርባል።

አድራሻ መሰረዝ መልእክት አያጠፋም። ሁለቱ የተለያየ ቦታ ነው የሚቀመጡት። በዚያው ልክ አድራሻ መሰረዝ ላኪውን አያግድም፤ ስፓም ለማቆም ብለሽ ከሆነ በዚህ በኩል ምንም አታገኚም።

አሁን ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። መጀመሪያ ምንጩን ዝጊ፣ ቀጥሎ ቅጂ ያዢ፣ መሰረዝ የመጨረሻው ነው። እናንተ ጋ የሚመለሰው ከመጨረሻው ስለጀመራችሁ ነው።

ምንጩን ለመዝጋት፦ ሴቲንግስ፣ ከግራ ኮምፖዚሽን፣ ወደ ታች ወርደሽ "አድሬሲንግ" የሚለው ክፍል። እዚያ "አውቶማቲካሊ አድ አውትጎይንግ ኢሜይል አድሬስስ ቱ ማይ" የሚል መስመር አለ፤ ከፊቱ ያለችውን ምልክት አንሺ። ከሱ ከፍ ብሎ "ሎካል አድሬስ ቡክስ" የሚል ሌላ ምልክት ታያለሽ፤ እሱን እንዳትነኪ። እሱ ከተነሳ የደንበኞቹም ስም ስትጽፊ መምጣቱን ያቆማል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ "አድሬስ ቡኩ ተበላሸ" ይላል።

ይህን በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ለየብቻ ማድረግ ግድ ነው። አይማፕ የሚያመላልሰው መልእክትና ፎልደር ብቻ ነው። አድሬስ ቡክ በየኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ እናንተ ያላችሁ አንድ ኮሌክትድ ሳይሆን ሦስት ነው። ፒያሳ የተሰረዘው ኮምቦልቻ እንዳለ ነው።

ቅጂ፦ ከሦስት መስመሯ ምናሌ ሄልፕ፣ ከዚያ "ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን"፣ "ፕሮፋይል ፎልደር" ከሚለው ጎን "ኦፕን ፎልደር"። ፎልደሩ ሲከፈት ተንደርበርድን ዝጊ። ሁለት ፋይል ትፈልጊያለሽ፤ "አቡክ" የሚባለው የፐርሰናል አድሬስ ቡክ ነው፣ "ሂስትሪ" የሚባለው የኮሌክትድ ነው፤ የሁለቱም መጨረሻ ኤስኪውላይት ነው። ወደ ፍላሽ ገልብጫቸው። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ከገለበጥሽ የቅርቡ ለውጥ ከጎናቸው ባለ ጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ቅጂው ጎዶሎ ይሆናል። ይህን ደረጃ የምጫነው ያለምክንያት አይደለም፤ አድሬስ ቡክ ውስጥ የተሰረዘ ነገር ትራሽ አይገባም፣ የሠሩትን መቀልበሻ "አንዱ" የሚባል ትእዛዝም የለውም።

መለየቱ ላይ ምክሬ ቆሻሻውን እየመረጡ ከመሰረዝ ይልቅ ደንበኞቹን ማውጣት ነው። 200 መምረጥ 1,200 ከመምረጥ ይቀላል። ኮሌክትድን ክፈቺ፤ ከዝርዝሩ አናት ካለችው የማሳያ አዝራር "ቴብል ሌይአውት" ብትመርጪ ስምና ኢሜይል በዓምድ ይታያል። በአድራሻ ቅደም ተከተል መደርደር ብዙ አይረዳም፤ ከአት ምልክቱ በፊት ባለው ስም ነው የሚደረደረው። የአንድ ድርጅት ሰዎችን ለመሰብሰብ መፈለጊያው ሳጥን ላይ ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውን ጻፊ፤ የነሱ ብቻ ይቀራል። ኮንትሮል ይዘሽ የምትፈልጊያቸውን ምረጪና በግራ በኩል ካለው ፐርሰናል አድሬስ ቡክ ላይ ጎትተሽ ጣያቸው። መጎተት ማዛወር ነው፤ ኮንትሮል እንደተጫንሽ ከጣልሽ ግን መቅዳት ይሆንና ሁለት ቦታ ይቀመጣሉ። ስለዚህ መርጠሽ ስትጨርሺ ኮንትሮሉን ልቀቂው።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የደብዳቤ ዝርዝር፣ ማለት "ሜይሊንግ ሊስት" ውስጥ ገብተሽ ስም ብታነሺ ከዝርዝሩ ነው የሚወጣው እንጂ ከመዝገቡ አይሰረዝም። "ሰረዝኩት፣ አለ" ከሚሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው ይኸው ነው። በተቃራኒው "ኦል አድሬስ ቡክስ" የሚለውን ከፍተሽ ከሰረዝሽ የመረጥሽው ካርድ ካለበት ከዋናው መዝገብ ነው የሚጠፋው፤ የጂሜይሉም ጭምር። ስትሰርዢ የቆምሽበትን መዝገብ በግራ በኩል አይተሽ አረጋግጪ።

---

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

ይህን ሁሉ ከመድከም የሂስትሪውን ፋይል ማጥፋት አይሻልም? ተንደርበርድ ሲከፈት ባዶ አዲስ ይሠራል። አለቀ።

---

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ይሠራል፤ ደንበኞቹ ከወጡ በኋላ ከሆነ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ግን አታጥፉት፣ ስሙን ቀይሩት፤ "ሂስትሪ አሮጌ" በሉት። ፕሮግራሙ ተዘግቶ መሆን አለበት። ከወር በኋላ የረሳችሁት ደንበኛ ቢገኝ አሮጌው እዚያው ይጠብቃችኋል። "ኮሌክትድ አድሬስስ" የሚለውን መዝገብ ራሱን ከግራው ዝርዝር ላይ ለማጥፋት አትሞክሩ፤ እሱና ፐርሰናል ከፕሮግራሙ ጋር የተሠሩ ስለሆኑ አይሰረዙም፤ መሰረዝ የሚቻለው ራሳችሁ የፈጠራችሁት ነው።

የረሳሁት አንድ ነገር አለ፤ ከቆሻሻ መልእክት ጋር ይገናኛል። አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ ከኢሜይሉ ሥር "ጀንክ ሴቲንግስ" የሚለውን ክፈቺ። "ላኪው እነዚህ መዝገቦች ውስጥ ካለ ጀንክ አትበለው" የሚል ትርጉም ያለው ቦታ አለ፣ ከሥሩ የመዝገቦቹ ስም ተዘርዝሯል። ኮሌክትድ ላይ ምልክት ካለ አንሺው። አለበለዚያ አንድ ሰው ለስፓም ላኪ "እባክህ አትላክ" ብሎ አንዴ ከመለሰ፣ ላኪው ወደ መዝገቡ ገብቶ ከማጣሪያው ነፃ ይወጣል ማለት ነው። ፐርሰናል ላይ ያለው ምልክት ይቆይ።

---

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጦሳ። ምልክቷ ሦስቱም ላይ ነበረች፤ ተነሥታለች። ቅጂም ተይዟል።

አሁን የቀረው ድግግሞሹ ነው። ወደ ኤክሴል አውጥቼ ላጣራ ብል የአማርኛው ስም ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ መጣ። ስልኮቹም ዜሮአቸው የለም። ስሞቹ ተበላሽተው ነው ወይስ አከፋፈቴ ነው?

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ቅልቅሉ ከሆነ ስሞቹ ደህና ናቸው። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አማርኛን በሚይዝ የፊደል ኮድ ተጽፎ ኤክሴል በሌላ ኮድ አንብቦት ነው። የሚያስፈራው የጥያቄ ምልክት ከሆነ ነው፤ "????" ብሎ ከተጻፈ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የለም፣ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ይህ የሚሆነው ከተንደርበርድ ስታወጪ "ሲስተም ቻርሴት" የሚለውን ከመረጥሽ ወይም ከኤክሴል ስታስቀምጪ ተራውን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ከመረጥሽ ነው። ስታወጪም ስታስቀምጪም ዩቲኤፍ 8 የሚል የተጻፈበትን ምረጪ።

ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርገሽ አትክፈቺው። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፣ ዳታ፣ "ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ"፣ ፋይሉን ምረጪ፤ "ፋይል ኦሪጅን" የሚለው ላይ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ 8 አድርጊ። አማርኛው እዚያው ቅድመ እይታው ላይ ይስተካከላል። ከዚያ "ሎድ" ሳትይ "ትራንስፎርም ዳታ" ግቢና የስልክ ዓምዶቹን ዓይነት "ቴክስት" አድርጊ። ኤክሴል ስልክን እንደ ቁጥር ከቆጠረው በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው መነሻ ዜሮውን ይጥላል፣ የደሴው 033ም 33 ይሆናል፣ በ251 የሚጀምረው 12 አሃዝ ስለሆነ ደግሞ በሳይንሳዊ አጻጻፍ አጥሮ ይታያል። በዚያው ከተቀመጠና ወደ ተንደርበርድ ከተመለሰ የ200 ደንበኛ ስልክ ተበላሸ ማለት ነው። ሊብሬ ኦፊስ ካልክ ያለው ሰው ይቀልለዋል፤ ሲኤስቪ ሲከፍት ራሱ ኮዱንና የዓምዱን ዓይነት ይጠይቃል።

ድግግሞሽ በስም አትፈልጊ። በአማርኛ ይህ ዋናው ስህተት ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ በፊደል ተራም ተለያይተው ሊቀመጡ ይችላሉ። ሰና ሠ፣ አና ዐ እንዲሁ። መሐመድማ ወሎ ውስጥ ስንት አጻጻፍ እንዳለው አንቺው ታውቂዋለሽ። ማጣሪያው ኢሜይሉ ይሁን። አጠገቡ አዲስ ዓምድ ክፈቺና "ትሪም" በሚለው ቀመር ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አስወግጂ፤ አንዲት ባዶ ቦታ ካለች ኤክሴል ሁለቱን የተለያዩ ይላቸዋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ግን አያሳስብሽ። ከዚያ ዳታ፣ "ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ"፣ ያንን ዓምድ ብቻ መርጠሽ። ይህ ትእዛዝ የመጀመሪያውን ረድፍ አስቀርቶ ተከታዮቹን ነው የሚያነሳው፤ ስለዚህ ቀድመሽ ስልክና የድርጅት ስም የተሟላላቸው ከላይ እንዲሆኑ ደርድሪ። አንድ ሰው ሁለት የተለያየ ኢሜይል ካለው ይህ መንገድ አይዘውም፤ እሱን በዓይን ነው።

መልሰሽ ስታስገቢ ወደ አሮጌው መዝገብ አታስገቢ። ተንደርበርድ ሲያስገባ ካለው ጋር አያመሳክርም፤ 200ው 400 ይሆናል። በአድሬስ ቡኩ ውስጥ "ደንበኞች" የሚል አዲስ መዝገብ ፍጠሪ፣ ቱልስ፣ ኢምፖርት፣ የትኛው ዓምድ ከየትኛው ቦታ እንደሚገጥም አረጋግጪ፣ ወደዚያ አስገቢ። ዓይተሽ ከረካሽ በኋላ ከፐርሰናል ያሉትን አንሺ። ትሪም ያደረግሽበትን ዓምድ እንደ ዋና ኢሜይል ማስገጠምን አትርሺ፤ አለበለዚያ ባዶ ቦታው ተመልሶ ይገባል።

ሲኤስቪ የማይሸከመው ነገር ሜይሊንግ ሊስት ነው። ሊስት ካላችሁ እሱን የሚይዘው ኤልዲአይኤፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ኤልዲአይኤፍን በኖትፓድ ከፍታችሁ ደግሞ አማርኛው ፈጽሞ ካልታየ፣ ከሁለት ነጥቡ አጠገብ ሌላ ሁለት ነጥብ ኖሮ ቀጥሎ የተዘበራረቀ ላቲን ካለ፣ አትደንግጡ። ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል በቤዝ 64 ተቀይሮ የሚጻፈው በደንቡ ነው፤ ሲገባ ራሱ ይፈታል።

ለደሴው ቅርንጫፍ ፍላሽ ይዞ ሐረጎን መውጣት አያስፈልግም። ከተጣራ በኋላ ፋይሉ ከአንድ ፎቶ ያንሳል፤ በይለፍ ቃል ዚፕ አድርገሽ በኢሜይል ላኪው፣ ቃሉን በስልክ ንገሪያቸው። የደንበኛ ስልክ ያለበት ፋይል ሳይቆለፍ አይላክም።

---

ሆጤ (ደሴ)

የጂሜይሉን ነገር ማንም አልነካውም፤ እዚያም ሌላ ቧንቧ ክፍት ነው።

ጂሜይልን በብራውዘር የሚጠቀም ሰው ካላችሁ፣ ጂሜይል ራሱ የላካችሁለትን ሰው "አዘር ኮንታክትስ" ወደሚባል ቦታ ይሰበስባል። የማርሽ ምልክቷ፣ "ሲ ኦል ሴቲንግስ"፣ ጄኔራል፣ ወደ ታች "ክሪኤት ኮንታክትስ ፎር አውቶኮምፕሊት"። "አይል አድ ኮንታክትስ ማይሰልፍ" የሚለውን መርጣችሁ ከገጹ ግርጌ "ሴቭ ቼንጅስ" በሉ፤ ሴቭ ካላላችሁ አልተቀየረም። ቀጥሎ ጉግል ኮንታክትስን ክፈቱ፣ ከግራ "አዘር ኮንታክትስ"። መጀመሪያ የምትፈልጓቸውን ወደ ኮንታክትስ ጨምሩ፣ ቀሪውን መርጣችሁ ሰርዙ። እዚያው ያለው "መርጅ ኤንድ ፊክስ" ደግሞ ተመሳሳይ ካርዶችን ያዋህዳል፤ "መርጅ ኦል" ከማለት በፊት ግን አንድ በአንድ እዩ፤ ወሎ ውስጥ ሰይድ አሊ የሚባል ሰው አንድ ብቻ አይደለም።

ከኮንታክትስ የተሰረዘ 30 ቀን ትራሽ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ተንደርበርድ ላይ የሌለ ዕድል ነው።

ግን በካርድዳቭ የተገናኘውን የጉግል መዝገብ ተጠንቀቁት። ተንደርበርድ ላይ ከሱ የሰረዛችሁት ጉግልም ላይ ይሰረዛል፤ ያንን አካውንት የሚጠቀም ስልክ ካለም ከስልኩ ይጠፋል። ከኮምፒውተሩ ላይ ብቻ እንዲወገድ ከፈለጋችሁ ስሞቹን አትሰርዙ፤ መዝገቡ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ሪሙቭ" በሉ። ግንኙነቱ ነው የሚቋረጠው፣ ጉግል ላይ ያለው ይቆያል።

---

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

አውትሉክ ላይ ግን ኮንታክቱን ከሰረዝነው በኋላም "ቱ" ላይ ስሙ ይመጣል። እሱስ?

---

ሐረጎ ቁልቁለት (ኮምቦልቻ)

አውትሉክ የሚያሳይህ ከኮንታክት ብቻ አይደለም፤ የተጠቀምክባቸውን አድራሻዎች ለየብቻ የሚይዝ "አውቶኮምፕሊት ሊስት" አለው፣ እስከ 1,000 የሚደርስ። ኮንታክት መሰረዝ እሱን አይነካውም። "ቱ" ላይ የስሙን መነሻ ጻፍ፣ ስሙ ሲመጣ በስተቀኙ ያለችውን "ኤክስ" ተጫን፤ ያ አንዱ ብቻ ይወጣል። ሁሉንም ለማጽዳት በክላሲኩ አውትሉክ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል፣ "ሴንድ መሴጅስ" የሚለው ክፍል፣ "ኤምፕቲ አውቶኮምፕሊት ሊስት"። መመለሻ የለውም፤ ከኮንታክት ውጭ እዚያ ብቻ የነበረ አድራሻ ካለ አብሮ ይሄዳል። የተሳሳቱት አሥር ሃያ ከሆኑ በኤክሷ ማንሳት ይሻላል።

---

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ተጣርቶ 187 ቀረ። ስድስቱ ሰይዶች ግን ስድስቱም እውነተኛ ሆነው ተገኙ። ከላይ የሚመጣውን መወሰን ይቻላል?

---

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ይቻላል። ተንደርበርድ ብዙ የተላከለትን ነው ወደ ላይ የሚያወጣው። አዲስ ያስገባሻቸው ካርዶች ግን ያንን ታሪክ ይዘው ስላልመጡ ለጊዜው ተራው ሊዘበራረቅ ይችላል። በ"ኒክኔም" አሸንፊው። ካርዱን ክፈቺ፣ ኤዲት፣ ኒክኔም የሚለው ላይ አጭር መለያ ጻፊ፤ ለአንዱ "ሰጅ" ለጅቡቲው ወኪል፣ ለሌላው "ሰደ" ለደሴው ነጋዴ። "ቱ" ላይ ያንን ብቻ በትክክል ከጻፍሽ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ብዙ የተላከለትንም ይቀድማል። በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ኪቦርዳችሁ በላቲን ላይ የሚሆን ከሆነ ግን መለያውን በላቲን አድርጊው፣ ቋንቋ መቀያየሩ ራሱ ሥራ ነው።

የስም አደራደሩንም በዚያው አስተካክይ። ማሳያው ላይ የአባት ስም ከፊት እየመጣ ከሆነ ከዝርዝሩ አናት ባለችው አዝራር የስም አቀማመጡን "ፈርስት ላስት" አድርጊ። "አሊ፣ ሰይድ" እያለ የሚያሳይ ዝርዝር ላይ ሰው መፈለግ ያደክማል።

መለያዎቹን ፒያሳ ላለው ኮምፒውተር ፋይሉን ከመላክሽ በፊት ጻፊያቸው፤ አለበለዚያ እዚያ ያለው ሰው እንደገና ከባዶ ይጽፋቸዋል።